ሳትገጠም የቀረችው ማቆሚያ

ፌብሩዋሪ 7

ብርዱ አልለቀቀም። መኪናው ጠዋት እምቢ ስላለኝ በእግሬ ወደ ሱቁ… ሱቅ እንላለን እንጂ ዕቃ የሚደረደርበት አይደለም። የድሮ ጫማ ቤት ነው። ፊት ለፊቱን እኔና ኮምፒውተሬ፣ ጓዳውን ሸሪኬ ቨርሊንና ሽቦዎቹ።

ዛሬ የሞተር ማቆሚያዋን ሞከርናት። ቨርሊን መግባቱን ለማቆሚያዋ የሚነግራትን ትንሽ ምልክት ቀበቶው ላይ ሰክቶ የወንድሙ ባዶ ጎተራ ውስጥ ገባ። በሩን ባለፈ በሁለት ሰከንድ እህል የሚያወርደው ሞተር ቀጥ! ወጣ፣ ገባ፣ ወጣ… አስራ አንድ ጊዜ። አስራ አንዱንም ጊዜ ቆመ።

"በስልሳ ስምንት ዓመቴ እንደ አይጥ ጎተራ ለጎተራ ታሯሩጪኛለሽ" አለኝ ሲወጣ። ጢሙ ላይ በረዶ ሠርቷል።

"ደሞዝ እጨምርልሃለሁ።"

"የቱ ላይ?"

እስካሁን የምንሸጠው ፕሮግራም የጎተራውን ሙቀትና እርጥበት እየለካ ለገበሬው ስልክ መልእክት የሚልክ ብቻ ነው። ማቆሚያዋ ግን ሌላ ናት። በቆሎ ከሥር ሲወርድ ላዩ ላይ የቆመን ሰው እንደ ውሃ ስቦ ይውጠዋል። አባባን ያጣነው እንደዛ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ካወጡት ሰዎች አንዱ ጎረቤታችን ሃርም ቦርስማ ነበር፤ ያኔ ገና ጎረምሳ፣ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ሠራተኛ።

ከሰዓት ሃርም ራሱ ብቅ አለ። ቨርሊን ነግሮት ነው።

"ለመከር ትደርሳለች?"

"ትደርሳለች።"

"የመጀመሪያዋ የኔ ናት። ለሌላ ብትሰጪ ተጣላን።"

ደስ የሚል ቀን ነበር። ሾርባ ሠርቼ በላሁ። ተኛሁ።

ፌብሩዋሪ 20

ደብዳቤ መጣ። ከቴክሳስ። ብራክስዴል ሆልዲንግ የሚባል… ሰምቼው አላውቅም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። "በርቀት ያለን መለኪያ አንብቦ ለሌላ መሣሪያ መልእክት ወይም ትእዛዝ የሚልክ ማንኛውም ፕሮግራም" የነሱ ነው ይላል። ፓተንት፣ የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀት፣ አለን፤ ከአስራ ሦስት ዓመት በፊት የተመዘገበ። ወይ ፈቃድ ግዙ፣ ወይ ፍርድ ቤት እንገናኝ።

ማንኛውም?

ቨርሊን መነጽሩን አውልቆ አነበበው፣ አድርጎም አነበበው። "የቤቴ ማሞቂያም ሙቀት ለክቶ ነው የሚነሳው። በእሱም ይክሰሱኛ!"

አልሳቅኩም። እያንዳንዷን መስመር ራሴ ነኝ የጻፍኳት። ሰባት ዓመት። ከማን ሰረቅኩ?

ማርች 1

የአዮዋ ዋና ከተማ ዴ ሞይን ደርሼ መጣሁ። ጠበቃዋ ሮዛሊንድ ፔክ ትባላለች፤ እንዲህ ያለ ክስ ብቻ ነው የምትይዘው። ገና ከመቀመጤ "እርስዎ" ማለቱን ተወችው።

"ምንድን ነው የሚሠሩት እነዚህ ሰዎች?" አልኳት።

"ምንም።"

"ምንም ማለት?"

"ምንም ማለት ምንም። ፓተንት ይገዛሉ፣ ደብዳቤ ይልካሉ፣ ይከሳሉ። መልሰሽ እንዳትከሻቸው የሚሸጡት ዕቃ የላቸውም።"

"ግን እኮ እውነቱ ከኛ ጋር ነው።"

"ሊሆን ይችላል። እውነቱን ዳኛ ፊት ለማድረስ ሦስት ዓመትና ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ይፈጃል። በዓመት ስንት ታስገባላችሁ?"

ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

መጨረሻ ላይ ደግሞ… "አንድ ነገር ልብ በይ። ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ነገር እንዳትጨምሩ። ፓተንቱ መኖሩን አሁን አውቃችኋል። እያወቃችሁ ከጨመራችሁ ካሳው ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል።"

"አንድ የጨረስነው ነገር አለ። ሰው ሲገባ ሞተር የሚያቆም።"

"ሞተሩን የሚያቆመው ፕሮግራሙ በሚልከው ትእዛዝ ነው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው በተለይ እሱን።"

የአራት ሰዓት መንገድ ነዳሁ፤ ሬዲዮ እንኳ አልከፈትኩም።

ማርች 4

ቨርሊን ማቆሚያዋን በፎጣ ጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጣት።

ማርች 29

ክሱ ተከፈተ። ረግጬው በማላውቅ የቴክሳስ ከተማ። እዚያ ፍርድ ቤት ፓተንት የያዘ ሰው ይቀናዋል አሉ። እኔስ? እኔ አዮዋ ውስጥ በቆሎ መሃል የተቀመጥኩ ሴትዮ ነኝ።

ኤፕሪል 16

ሮዛሊንድ ብትሰማ ትጮህብኛለች። ፓተንቱ ላይ የፈጠራው ባለቤት ስም ተጽፏል፣ ኤልዊን ትራስክ። ስልካቸውን ፈልጌ አገኘሁ። ኦሪገን ነው የሚኖሩት። ደወልኩ። ምን ልላቸው እንደሆነ እንኳ አላሰብኩም።

ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ድምጻቸው ግን ጥርት ያለ ነው።

"ለስላሳ የሚሸጥ ማሽን ነበር የምሠራው" አሉኝ። "ጠርሙስ ሲያልቅበት ራሱ ለመጋዘኑ የሚናገር። ድርጅቴ ከሰረ። ባንኩ ፓተንቱን ከወንበሩና ከጠረጴዛው ጋር ሸጠው። ከዚያ እነማን እጅ እንደገባ አላውቅም።"

"ስለ እህል ጎተራ አስበው ያውቃሉ?"

ሳቁ። "ልጄ፣ ጎተራ በቅርብ አይቼ አላውቅም። የባህር ዳርቻ ሰው ነኝ።" ቀጥለውም "ለመሆኑ ያንቺው ይሠራል?"

"ከአስራ አንድ ሙከራ አስራ አንዱ።"

"ጎበዝ!" አሉ። ከልባቸው ነው። እንባዬ መጣ… ከፌብሩዋሪ ወዲህ ጎበዝ ያለኝ ሰው አልነበረም። ያለኝ ሰውም እሳቸው ሆኑ!

ለፍርድ ቤት ይህንኑ ይናገሩልኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"መናገሩን እናገራለሁ። አይጠቅምሽም እንጂ። እኔ ያሰብኩትን አይደለም የሚያዩት፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው። ጠበቃዬ ሰፋ አድርጎ ጻፈው፤ 'የወደፊቱንም ይሸፍንልሃል' አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። የወደፊቱ ማን እንደሆነ መች አወቅኩ?"

ስልኩን ዘጋሁ። የምጠላው ሰው ፈልጌ ነበር የደወልኩት። እሱንም አጣሁ።

ሜይ 9

ብራክስዴሎች ለገበሬዎቹም ደብዳቤ ላኩ! ለያንዳንዳቸው። "የኛን ፓተንት በሚጥስ ፕሮግራም እየተጠቀሙ ነው፤ እርስዎም ሊጠየቁ ይችላሉ።" ስማቸውን ከየት አገኙት ብዬ ሳስብ… ከኔው። ድረ ገጻችን ላይ "ደስተኛ ደንበኞቻችን" ብዬ ከነፎቷቸው የደረደርኳቸው እኔ ነኝ።

ስልኩ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። ሁለት ሰዎች ሰደቡኝ። ሌሎቹ በትህትና ነው ያናገሩኝ። ትህትናቸው ባሰ።

ሜይ 13

ከቤተክርስቲያን ስንወጣ የሃርም ሚስት ትሪና ክንዴን ይዛ ወደ መኪና ማቆሚያው ጥግ ወሰደችኝ።

"አርሊስ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እርሻችንን ይወስዱብናል?"

"አይወስዱም። ማስፈራሪያ ነው።"

"ትምያለሽ?"

አልማልኩም። እንዴት ልማል? ሮዛሊንድ እንኳ "አይመስለኝም" ነው ያለችው።

ሃርም ከኋላ መጣ። መሬት መሬት እያየ… "መለኪያውን ነቅዬዋለሁ። ክሱ እስኪያልቅ ነው። አትቀየሚኝ።"

"አልቀየምህም።"

ከመቶ አርባ ገበሬ ስልሳ አንዱ ነቀለ። ቆጥሬ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ አንድ በአንድ ሲጠፉ አይቼ ነው። አረንጓዴ ነጥብ ነበሩ፣ ግራጫ ሆኑ።

ጁን 14

ካንሳስ ካለው ትልቁ የጎተራ ኩባንያ ሰው መጣ። ጫማው ጭቃ አይቶ አያውቅም። የኛን የመሰለ ፕሮግራም እነሱም ይሸጣሉ፤ ዋጋው የኛ ሦስት እጥፍ ነው፣ መልእክቱም አንዳንዴ በማግስቱ ነው የሚደርሰው።

"እኛ ከብራክስዴል ፈቃድ ገዝተናል። ለኛ ወጪው ምንም አይደለም" አለ። "እናንተን ግን ያደቅቃችኋል። ደንበኞቻችሁንና ስማችሁን እንግዛችሁ፤ በክብር ውጡ።"

"ማቆሚያዋንስ?" አልኩት። "ትቀጥሉባታላችሁ?"

"እሱ ዕቅዳችን ውስጥ የለም። ገበሬው አልጠየቀንም።"

ቨርሊን ከጓዳ ብቅ አለ። "የትኛውን ገበሬ ነው የጠየቃችሁት? የሞተውን?"

ሰውየው ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሄደ።

ከወጣ በኋላ ትዝ አለኝ። ነብራስካ ውስጥ እንደኛ ሁለት ሆነው የሚሠሩ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ጎበዞች። አምና ዘጉ። ሥራው ሰልችቷቸው መስሎኝ ነበር። ዛሬ ደወልኩላቸው። ሚስትየዋ "ማውራት አልችልም፣ ፈርሜያለሁ" ብላ ዘጋችው። ድምጿ አልተቆጣም። ፈርቷል።

እንግዲህ ማን ቀረ? እነሱ ሄዱ፤ እኛም መሄጃችን ነው። ትልቁ ብቻውን ይቀራል። ብቻውን የቀረ ደግሞ ለምን ይጨነቃል፣ መልእክቱ በማግስቱ ቢደርስስ?

ጁላይ 3

ዛሬ ምንም አልሠራሁም። አንድ የተበላሸ መስመር ላስተካክል ከፈትኩ። "ማስተካከልም መጨመር ይሆን?" ብዬ ዘጋሁት። የገዛ እጄን ፈራሁት።

ኦገስት 30

ሃርም መጣ። አልተቀመጠም።

"ፕሮግራሙ ይቅር። ማቆሚያዋን ብቻ ስጪኝ። ጎተራዬ ውስጥ ማን ያያታል?"

"አስምለው ይጠይቁኛል፣ ሃርም። ለማን ሰጠሽ፣ መቼ ሰጠሽ እያሉ። አልዋሽም። ካልዋሸሁ ደግሞ ቤቴም የቨርሊን ቤትም ይሄዳል።"

"እሺ።"

"በእናትህ ተረዳኝ።"

"እሺ አልኩሽ እኮ። እጠነቀቃለሁ።" ኮፍያውን አደረገ። "አባትሽ ግን ጠንቃቃ ሰው ነበሩ።"

ይህን ያለው ሊያቆስለኝ አይደለም። እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለም። እንዲያው ከአፉ ወጣ… ወይስ?

ማቆሚያዋ እዚያው ነበረች። ከኔ ሁለት ሜትር፣ በፎጣ ተጠቅልላ።

ኦክቶበር 19

ዝናብ። አስራ ሁለተኛ ቀኑ። በቆሎውን እርጥቡን እያጨዱ ነው የሚከቱት። ይግላል፣ ይሻግታል፣ ይጋገራል። የነቀሉት ሁሉ አሁን ሙቀቱን በምን ያውቃሉ?

ኖቬምበር 8

ሃርም ነው። በሕይወት አለ። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ። በሕይወት አለ።

ቀትር ላይ ነው። በቆሎው ግሎ ተጋግሮ ከጎተራው አልወርድ አለው። ሞተሩን ሳያጠፋ በዘንግ ሊሰብረው ገባ። ሰበረው። ከእግሩ ሥር ሄደ። እስከ ደረቱ ዋጠው። አንድ እግሩ ወለሉ ላይ እየዞረ እህሉን የሚያወጣው ጥምዝ ብረት ጋ ደረሰ…

ትሪና ሳንድዊች ይዛለት መጥታ የጭነት መኪናው ጠርዙ ሞልቶ ሲፈስ አየች። ሃርም እህል የሚያፈስ ሰው አይደለም። ሮጣ አጠፋችው።

እሳት አደጋዎቹ ቆርቆሮውን በአራት በኩል ቀደው በቆሎውን አፈሰሱት። ሦስት ሰዓት ተኩል። እኔና ቨርሊን በአካፋ ስንዝቅ ነበር። አንድ ጊዜ ድምጹን ሰማሁት፤ "ትሪና የታለች?" ይላል። ደጋግሞ።



ኖቬምበር 12

ሱ ፎልስ ከተማ፣ ሆስፒታል። ግራ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆርጧል። ሳልገባ በሩ ላይ ብዙ ቆምኩ። ትሪና ናት "ግቢ" ያለችኝ።

"ትሠራ ነበር?" አለኝ ሃርም። ሰላም እንኳ አልተባባልንም።

"ምኗ?"

"ታውቂያለሽ ምኗ።"

"ትሠራ ነበር።"

ወደ መስኮቱ ዞረ። ትሪና አንሶላውን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

"ይቅርታ" አልኩ።

"ደብዳቤው ለኔም ደርሶኛል፣ አርሊስ። ሙቀቱን የሚነግረኝን ገመድ የነቀልኩት በዚህ እጄ ነው። ሞተሩን ሳላጠፋ የገባሁትም እኔ ነኝ።" ከዚያ ድምጹ ተሰበረ። "ግን ትሠራ ነበር አይደል?"

ትሪና እስከ ሊፍቱ ሸኘችኝ። አላቀፈችኝም። አልነቀፍኳትም።

ኖቬምበር 15

ለሮዛሊንድ ደወልኩ። እንዋጋ አልኳት። የሆነውን ነገርኳት። "አንድ ሰው እግሩን አጣ፤ ይህን ዳኛ አይሰማም?"

"አይሰማም" አለች። "ማለቴ፣ ጥያቄው እሱ አይደለም። ጥያቄው ወረቀቱ ላይ ያሉት ቃላት የናንተን ፕሮግራም ይሸፍናሉ ወይ ነው። በጣም አዝናለሁ፣ አርሊስ።"

ያዘነች ትመስለኛለች። ወረቀቱ ግን አያዝንም።

ኖቬምበር 27

ፈረምኩ። ሽያጩንም፣ ከብራክስዴል ጋር ያለውን ስምምነትም፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን። ለካንሳሱ ኩባንያ ደንበኞቹንና ስሙን ሸጥን፤ ገንዘቡ ደግሞ በቀጥታ ወደ ብራክስዴል ሄደ። እጃችን ላይ የጠበቃዋ ያልተከፈለ ሒሳብ ብቻ ተረፈ። እኔና ቨርሊን እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሁለተኛ ላንሠራ፣ ስለ ውሉም ለማንም ላንናገር።

ለማንም። ለሃርም እንኳ።

ያቺ የነብራስካ ሴትዮ… አሁን ገባኝ ድምጿ።

ቨርሊን በተራው ሲፈርም ስሙን ተሳሳተ። እንደገና ወረቀት አመጡለት።

ዲሴምበር 18

ሱቁን አስረከብን። ግድግዳው ላይ የጫማ መደርደሪያዎቹ ምልክት ብቻ።

የሚገርመኝ ገንዘቡ አይደለም። ሐሳብ ሲመጣልኝ ነው። ትናንት ሳህን እያጠብኩ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ፤ የላም በረት ውስጥ… አቋረጥኩት። "ይሄንንስ ማን ይዞት ይሆን?" አልኩ። ከዚህ በፊት ሐሳብ ሲመጣልኝ ሳህኑን ጥዬ እሮጥ ነበር። አሁን አጥቤ ጨረስኩ።

ጃንዋሪ 22

ቨርሊን መጣ። ከነጭቃው ወጥ ቤት ገባና ጠረጴዛው ላይ አንድ የነሐስ መቆለፊያ ከነቁልፉ አስቀመጠ።

"ልጅ ሆኜ ኃይል ማመንጫ ነበር የምሠራው" አለ። "እዚያ የትኛውም ማሽን ውስጥ ሰው ሲገባ በአጋጣሚ እንዳይነሳ ምን ነበራቸው መሰለሽ? አንድ ቁልፍ። ማሽኑ የሚነሳው በዚህ ቁልፍ ነው። በሩም የሚከፈተው በዚሁ ቁልፍ ነው። ከማሽኑ ሳትነቅዪው በሩን አትከፍቺም፤ ስትነቅዪው ደግሞ ማሽኑ ይሞታል።"

ቁልፉን አገላበጥኩት። "ፕሮግራም?"

"የለውም።"

"መልእክት?"

"የለውም።"

"እኔ ታዲያ ምን ልሥራ?"

"ዝም ብለሽ መሰላል ያዢልኝ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ጭንቅላትሽን አላስፈለገኝም።"

ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ጃንዋሪ 24

ፈርቼ ለሮዛሊንድ ደወልኩላት። በአንድ ሰዓት ውስጥ መልሳ ደወለች፤ "አያቴ ሳይወለድ የነበረ ዘዴ ነው። የማንም አይደለም። ማንም አይነካችሁም" አለች። ከዚያም "ያኛው ግን ይሻል ነበር፣ አይደል?"

ይሻል ነበር። ይህ ሙቀት አይነግርም። ሰው ተለዋጭ ቁልፍ ካስቀረጸ አለቀለት። መቶ ዓመት ወደ ኋላ ነው የሄድነው። ወደ ፊት የሚወስደው በር ስለተዘጋ።

ማርች 16

ጭቃ ነው፤ ግን ፀሐይ ወጥታለች። ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት ነኝ፤ የአውቶቡሶቹን መስመር መደልደል። ሥራው ወረቀት ላይ ነው። ርእሰ መምህሩ "ኮምፒውተር ታውቂያለሽ አሉ፣ ለምን ፕሮግራም አትሠሪልንም?" አለኝ። ወረቀት ይሻለኛል አልኩት። ከኖቬምበር ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ይህን ደብተር ካልቆጠርን።

ዛሬ ቁልፉን የሃርም ጎተራ ላይ ገጠምነው። የቀደዱት ቆርቆሮ ተጠግኗል፤ አዲሱ ከአሮጌው ይልቅ ያበራል። ሃርም በሰው ሠራሽ እግሩ ላይ ቆሞ ያያል፣ ከትሪና ትከሻ እጁን ሳያነሳ።

"ታዲያ ሙቀቱን በምን እናውቃለን?" አለች ትሪና።

"የካንሳሱን መግዛት ትችላላችሁ።"

"የዛሬውን ነገ የሚነግረንን?"

"እንግዲያው በእጅሽ። በአፍንጫሽ።"



ቨርሊን ሞተሩን አስነሳ። ጓ ጓ ጓ… ሃርም ፊቱ ነጭ ሆነ። "ያንተ ተራ ነው" አለው ቨርሊን፣ ከማስነሻው ገለል ብሎ። ሃርም ሄዶ ቁልፉን አዞረ፣ ነቀለው። ዝም አለ፣ ግቢው ሁሉ። ወፍ ይሰማል።

"ዛሬ የግድ መግባት የለብህም" አለችው ትሪና።

"አውቃለሁ።"

በሩን በቁልፉ ከፈተ። ቁልፉን መዳፉ ውስጥ ጨብጦ አጎንብሶ ገባ። እኛ ሦስታችን ውጭ። ትሪና እጄን ያዘች፤ ከሆስፒታሉ ወዲህ ነክታኝ አታውቅም። ቆጠርኩ። ሃያ… ሠላሳ… አርባ ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያ እግሩ፣ ከዚያ ጤነኛው፣ ከዚያ ራሱ ወጣ።